ሁለት መቶ አሥራ አራት ማይክሮን

አቶ ኃይለመለኮት በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜያቸው አንድም ፈተና ወድቀው አያውቁም። በልደታ ኮንዶሚኒየም በእርሳቸው ሕንጻ ላይ ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ ቢኖር እንኳ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። ዳዊት የደገሙት በሰባት ዓመታቸው ነው። የስምንተኛውንም የአሥራ ሁለተኛውንም ክፍል ፈተና በአንደኝነት አልፈዋል። መኪና ሳይኖራቸው ለመንጃ ፈቃድ ተፈትነው እርሱንም አልፈዋል። ከዚያ ሌላውን ወደ መፈተኑ ዞሩና ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፈታኝነትና በተቆጣጣሪነት ሲያገለግሉ፣ ከካልሲ ውስጥ፣ ከማስመሪያ ጀርባ፣ አንድ ጊዜም ከሙዝ ልጣጭ ላይ የተጻፈ መልስ በእጃቸው ይዘዋል። ሌባን ይቅር ሊሉ ይችላሉ፤ ኮራጅን ግን የነፍስ አባቱ ቢፈቱት እንኳ እርሳቸው አይፈቱትም ነበር።

እንግዲህ የዚህ ሰው ቀኝ ዓይን ደፈረሰች። ግራዋ ገና በልጅነታቸው በኩፍኝ ጠፍታ ስለ ነበር የቀረቻቸው ይህችው አንዲቷ ነበረች። ሞራዋ ከተገፈፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብሌኗ ውኃ እየቋጠረ ሄደና ጉም ለበሰች። በሰፈሩ ካሉት የዓይን ክሊኒኮች በአንዱ የሚሠራው ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር ሚደቅሳ፣ መርምሮ ነገሩን አስረዳቸው።

«ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ብሌኑን በሙሉ አንቀይረውም። የደከመው ከውስጥ በኩል ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ውኃውን እየቀዳ የሚያወጣው እርሱ ነበር። በእርሱ ምትክ ከአንድ ለጋሽ የተገኘ ሌላ ስስ ሽፋን እንተክላለን። ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር።»

«ከፀጉር?» አሉ አቶ ኃይለመለኮት ቅር ብሏቸው። «ወፈር ያለ የላችሁም?»

ቀዶ ሕክምናው ያለ እንከን ተፈጸመ። አዲሱን ሽፋን ከቦታው የሚያጣብቀው በዓይን ውስጥ የተተወ የአየር አረፋ ስለ ሆነ፣ ለሦስት ቀናት በጀርባቸው ተንጋለው ጣሪያ ጣሪያውን እንዲያዩ ታዘዙ። ጠያቂ ግን ሦስት ቀን ጠብቅ ቢሉት የሚጠብቅ ፍጡር አይደለም። ብርቱካኑንና የታሸገ ጭማቂውን አንጠልጥሎ ጎረፈ፤ አልጋውን ከብቦም ጉድጓድ እንደሚመለከት ሰው ቁልቁል እያያቸው ይጫወት ጀመር። በመካከሉ የሕንጻው እድር ጸሐፊ ሰላሁን እጁን ከፊታቸው በላይ ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ይኼ ስንት ነው?»

አቶ ኃይለመለኮት ከጉሙ ውስጥ አንድ ጥላ ሲወዛወዝ አዩ። ዕይታ የሚመለሰው በሳምንታትና በወራት እንደ ሆነ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ «ገና ነው፣ አይታየኝም» ቢሉ የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም። ነገር ግን የቀረበላቸው ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄ ደግሞ ባዶ አይተዉም።

«ሦስት» አሉ።

«ልክ ነው!» ሲል ሰላሁን ጮኸ፤ ሴቶቹም እልልታቸውን አቀለጡት።

ጠያቂው ሁሉ ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት ብርቱካኑን ወደ ቅርጫት እየለቀሙ፣ «ሁለት ጣት ነበር ያሳየህ» አሏቸው።

«ልክ ነው አለኝ እኮ!»

«ሦስት ስትል ሦስተኛውን አቆመልሃ። ይሉኝታ ነው፤ ምን ያድርግ?»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ከወር በኋላ ግን የክሊኒኩ ቀጠሮ ደረሰ። በዚያም የዕይታ መለኪያ ክፍል አለ፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሰሌዳው ላይ ሦስት ጣት ያለው ሹካ የመሰለ ምልክት ከላይ ትልቅ ሆኖ ይጀምርና በሰባት መስመር እያነሰ ይወርዳል። የታካሚው ተግባር የሹካው ጣቶች ወዴት እንደ ዞሩ መናገር ነው። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው በሩ ክፍት ይተዋል፤ ወረፋ ጠባቂዎቹም በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። ነርሷ ሲስተር ነጅማ ደግሞ ርኅሩኅ ሴት ናት። የተሳሳተውን ሳታርም አታልፍም።

«አይደለም እናቴ፣ ግራ ናት። ግራ! ቀጥሎ ያለችውስ? ታች፣ ጎበዝ።»

አቶ ኃይለመለኮት አራተኛ ተረኛ ነበሩ። ከፊታቸው ያሉት ሦስቱ ተመርምረው እስኪወጡ ድረስ ሰባቱንም መስመር በቃላቸው ያዙ። ይህን ያደረጉት አስበው ነው ማለት ያስቸግራል፤ ዳዊት በቃል የያዘ ጭንቅላት የሰማውን መጣል አይችልበትም። ተራቸው ሲደርስና ሰሌዳው ከነጭ ጭጋግ በቀር ሌላ እንዳልሆነ ሲያዩ ግን፣ ከራሳቸው ጋር አጭር ክርክር ገጠሙ። ኩረጃ ማለት ምንድን ነው? ወረቀት ይዞ መግባት ነው። ወረቀት ይዣለሁን? አልያዝሁም። ከሌላ ሰው አይቻለሁን? ማየት ብችልማ ኖሮ ምን ቸገረኝ! እንግዲያው ይህ ጥናት ነው፤ ጥናት ደግሞ ነውር ሆኖ አያውቅም። የጠፋችውን ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው በጥንቃቄ ሸፍነው ከላይ እስከ ታች አንዲት ሳይስቱ ወረዱት።

«ማሻላህ!» አለች ሲስተር ነጅማ፤ በካርዳቸውም ላይ «ስድስት በስድስት» ብላ ጻፈች። የጤነኛ ዓይን ውጤት ነው።

ዶክተር ሚደቅሳ ካርዱን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። አገጫቸውን ማሽኑ ላይ አስደግፎ የተተከለውን ሽፋን ውፍረት ለካ። መቶ አሥራ ስምንት ማይክሮን። በሁለተኛው ወር መቶ ሃምሳ ሁለት ሆነ፤ ካርዱ ስድስት በስድስት ይላል። በሦስተኛው ወር ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ፤ ካርዱ አሁንም ስድስት በስድስት ይላል። ሐኪሙ የተማረው መጽሐፍ፣ ሽፋኑ እየወፈረ ከሄደ ውኃ እየጠጣ ነው፣ ዕይታም መቀነስ አለበት ይላል። በአንድ በኩል መጽሐፉ፣ በሌላ በኩል ካርዱ። ዶክተር ሚደቅሳም ብዙ ካሰበ በኋላ ካርዱን አመነ። በእርግጥ ዓይናቸውን በመብራት ሲመለከት ግንባሩን ይቋጥር ነበር፤ ቀና ብሎ የካርዱን ቁጥር ሲያይ ግን ይፈታዋል። በአርባ አንድ ታካሚዎች ላይ የሚያካሂደው ጥናት ነበረውና፣ ውፍረት ዕይታን እንደማይወስን በሚቀጥለው ወር በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ሊያቀርብ ተሰናዳ። አቶ ኃይለመለኮትም የጥናቱ ዋና ምስክር ሆኑ።

ምስክሩ ግን ከደረጃው ሥር የቆመውን ጥቁር የውኃ ሮቶ ካባ የለበሱ ቄስ መስለዋቸው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው «ይፍቱኝ አባ» ማለት ጀምረው ነበር።

«ፈቱህ?» አሏቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት ከኋላቸው።

«ምን?»

«ሮቶው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እርስዎ ግን የተማሩ ሰው ነዎት፤ እኔ ምን አውቃለሁ።» ወይዘሮዋ ባላቸውን አንቱ የሚሉት ሲናደዱ ብቻ ነበር።

ሰፈሩ በበኩሉ በዓይናቸው ይኮራ ጀመር። የማይክሮኑ ቁጥር በእድሩ ድንኳን ሥር ሳይቀር ይነገር ነበር። ጋቢም ሆነ ምንጣፍ ወፍራሙ ከስሱ እንደሚሻል የማያውቅ የለም፤ ዓይንስ ከጋቢ በምን ያንሳል?

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!» አላቸው ሰላሁን በሁለት እጁ ጨብጦ። «ከመቶ አሥራ ስምንት ተነሥተው በአንድ ወር መቶ ሃምሳ ሁለት! እኔ በመሥሪያ ቤቴ አንድ እርከን ለማግኘት ስምንት ዓመት ነው የፈጀብኝ።»

አቶ ኃይለመለኮትም እውነት ለመናገር ቁጥሩ ደስ ይላቸው ነበር። የጨመረ ነገር ጥሩ ነው ብለው ነው ያደጉት።

ቀጠሮ ከቀጠሮ ስለሚርቅ መስመሮቹ እንዳይጠፏቸው በዜማ አደራጇቸው። ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰውነታቸውን በዝግታ እያወዛወዙ፣ «ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ» ሲሉ፣ አጠገባቸው ያሉት ታካሚዎች ውዳሴ ማርያም መስሏቸው ነው በሚያሰኝ አክብሮት ጸጥ ይሉ ነበር። በተለይ ከሰንጋ ተራ የምትመጣው ፋዮ፣ ከእርሳቸው በኋላ በሳምንቱ የተተከለላት ሴት፣ ሁልጊዜ ከጎናቸው መቀመጥ ትወድ ነበር።

በሦስተኛው ወር በዚያው ልኬት ቀን ግን አንድ ነገር ሆነ። ዶክተር ሚደቅሳ አገጫቸውን ማሽኑ ላይ እንዳስደገፈ ከኋላው ለቆሙ ሦስት ተለማማጅ ሐኪሞች ገለጻ ያደርግ ነበር።

«ቁጥሩን አያችሁ? ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ሲወፍር ሰውነቱ ሽፋኑን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያባረረው ነው እንላለን። ጠንካራ ጠብታ በየሰዓቱ እናዛለን። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካልተደረሰበት ሽፋኑ ይሞታል፤ ዓይኑም ጭልም ይላል። እኚህ አባት ግን እንደምታዩት ስድስት በስድስት ያያሉ! ስለዚህ ምንም አላዘዝኩም፤ ያለውንም ጠብታ ቀንሻለሁ።»

አቶ ኃይለመለኮት አገጫቸው እንደ ታሰረ ቀሩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ማይክሮን ማለት ሹመት ሳይሆን የመሰናበቻ ደብዳቤ ኖሯል! መድኃኒቱን የከለከላቸው ደግሞ ሐኪሙ አይደለም። «ስድስት በስድስት» የምትለዋ ካርድ ናት፤ ካርዷን ያስጻፉት እርሳቸው ናቸው።

ሁለት ቀን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዘዴ ሲፈልጉ ዋሉ። ሳይወድቁ የሚድኑበት መንገድ መኖር ነበረበት። በመጀመሪያ መድኃኒት ቤት ሄደው ያንን ጠንካራ ጠብታ ጠየቁ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም ተባሉ። ቀጥሎ አንድ የተከበረ መፍትሔ መጣላቸው። በክብር መድከም። ዳግም ይመርምሩኝ ብለው ሄደው፣ አምስተኛው መስመር ላይ ሆን ብለው ጥቂት ቢሳሳቱ፣ ውጤታቸው በመጠኑ ዝቅ ይላል፤ ሐኪሙም ይነቃል። ወደቁ የሚላቸው አይኖርም፤ ትንሽ ቀነሱ ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ፊት ቆሙ። አምስተኛው መስመር ላይ፣ መልሱ ቀኝ መሆኑን እያወቁ፣ ሕሊናቸው እየጮኸባቸው «ግራ» አሉ።

«ግራ?» አለች ሲስተር ነጅማ። «ጋሼ፣ ረጋ ብለው ይዩዋት እስቲ።»

«ግራ።»

«ደክሞዎት ነው። ከቤት በእግርዎ ነው የመጡት አይደል? እኔ አውቅዎት የለ? ቀኝ እንደሆነች ያውቋታል።» ጻፈች። ስድስት በስድስት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚለምኗቸውን ተማሪዎች አንዲት ነጥብ ሳይጨምሩ ያሰናበቱ ሰው፣ ያልለመኑት ነጥብ ተጨመረላቸውና ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ወደ ዶክተር ሚደቅሳ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ።

«ልጄ፣ እኔ አላይም።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ምን አሉ?»

«አላይም አልሁህ። አንተ ራስህ አሁን ነጭ ነገር ነህ። ሰሌዳውን በቃሌ ነው የያዝሁት።»

«ጋሽ ኃይለመለኮት፣ በዚህ ዕድሜ አንዳንድ ቀን እንዲህ የሚመስል ነገር ይኖራል።» ካርዱን አነሣ። «ይኸውልዎ፤ ሦስት ወር፣ ዛሬም ጨምሮ፣ ስድስት በስድስት። ያያሉ።»

«አላይም!»

«ያያሉ እኮ ነው የምልዎ! ጥናቱ ተልኳል፤ የጉባኤው ፕሮግራም ታትሟል። ስምዎት ባይጠቀስም ተራ ቁጥር ሰባት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ኃይለመለኮት በዚህ ጊዜ በዕድሜያቸው ያልገጠማቸው ነገር ገጠማቸው። መታወራቸውን በማስረጃ ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ ማስረጃው ሁሉ ደግሞ በተቃራኒው ይመሰክራል፤ ያዘጋጁትም ራሳቸው ናቸው። ያመነቱት አፍረው ብቻ አይደለም። የሚናገሩት ቃል ከአፋቸው ከወጣ በኋላ በዓለም ላይ ያልወደቁት ፈተና የሚባል ነገር አይኖርም። በሌላ በኩል ዓይን አለ፤ ያውም አንዲት።

«ሲስተርን ጥራልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሰሌዳውንም ከግድግዳው ላይ ታውርደው።»

ወደ መለኪያው ክፍል ተሻገሩ፤ ሰሌዳው ወረደ፤ ከኋላውም አራት ማዕዘን ነጭ ቀለም ብቻ ታየ። ዶክተሩና ነርሷ በግራና በቀኝ ቆሙ፤ አቶ ኃይለመለኮት ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ባዶውንም ግድግዳ ያነቡ ጀመር። አንደኛውን መስመር አነበቡ። ሁለተኛውን አነበቡ። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ያለ እንከን ወረዱ። ሲስተር ነጅማ በእጇ ከያዘችው ሰሌዳ ጋር እያስተያየች በእያንዳንዱ መልስ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍን ነበር። ዶክተር ሚደቅሳ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን እፍረቱ ድምፃቸውን አወከውና፣

«ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ» አሉ።

«ታች ሁለት ጊዜ ናት አባባ!» የሚል ድምፅ ከውጭ ከአግዳሚው መጣ።

ሲስተር ነጅማ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችው። ፋዮ መልሷን የሰጠችው በቅንነት ነበርና ሁሉም ሲያዩዋት ደነገጠች።

«አንቺ ይኼንን ከየት አወቅሽው?» አላት ዶክተሩ።

«ከእሳቸው ነዋ ዶክተር። ሁሌ ሲያስጠኑን…»

«ሲያስጠኗችሁ?»

«እኛማ ለእኛ ብለው መስሎን!» ፋዮ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «አይደለም እንዴ? እናንተስ ዝም ትላላችሁ?» ከአግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ወደ ጫማዋ አየች፤ አንድ ሰውዬም አሁን ባይጠሩኝ በሚል አኳኋን ራሱን በጋዜጣ ጋረደ፤ ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ነበር።

ዶክተር ሚደቅሳ አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘ። ከአርባ አንዱ ታካሚዎቹ ስንቱ ያያሉ፣ ስንቱስ ይዘምራሉ? ማንም የሚያውቅ አልነበረም። የጥናቱን ቅጂ ከጋዋኑ ኪስ አውጥቶ ተመለከተው፤ መልሶም ከተተው።

«ፋዮ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይልብኛል ያልሽኝ አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ። እርስዎ ግን "አባባ ከአንቺ የወፈረ ይዘው ያያሉ፤ አንቺ ልብ አድርገሽ ስላላየሽ ነው" አሉኝ። እኔም ልብ አድርጌ አጠናሁ።»

ይህን ሲሰሙ አቶ ኃይለመለኮት ግድግዳውን ደገፍ አሉ። በሥራ ዘመናቸው መልስ ያቀበለ ተማሪ ሲይዙ ሁለቱንም ከአዳራሽ ያስወጡ ነበር፤ የባሰው ጥፋት ግን የአቀባዩ ነው ሲሉ ነው የኖሩት።

«ልጄ» አሉ በዝግታ፣ «መጀመሪያ እርሷን እያት።»

«ሁለታችሁንም ዛሬ» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ተለውጦ ነበር። «ጠብታው በየሰዓቱ ነው። አንድም ሰዓት እንዳያልፍ። የዘገየን ይመስለኛል፤ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም።» የትእዛዝ ወረቀቱን ጽፎ ሲጨርስ ካርዳቸውን ሳበና «ስድስት በስድስት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘ። ከአጠገቡ የጻፈውን ሲስተር ነጅማ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ «የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ያያሉ።» አቶ ኃይለመለኮት ውጤታቸውን ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉ። ይግባኝ አላሉም።

ወይዘሮ ወለተሰንበት በየሰዓቱ እያንጠባጠቡ ሦስት ሳምንት አለፈ። ማይክሮኑም ወረደ፤ መቶ ሰባ ሆነ፣ መቶ አርባ ዘጠኝ ሆነ። ወሬው ሕንጻው ውስጥ ሲሰማ ሰላሁን ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ለማጽናናት መጣ።

«ቀነሰ አሉ» አላቸው በሐዘን ድምፅ። «አይዞዎት ጋሼ፤ የጨመረ ይቀንሳል፤ ያመጣው መልሶ ይሰጣል።»

«ክራባትህ ጠማማ ናት፤ አስተካክላት» አሉት አቶ ኃይለመለኮት።

በክሊኒኩ በቀጠሮው ዕለት አዲስ ሥርዓት ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ ሰሌዳዎቹም ሦስት ሆነው ሲስተር ነጅማ በየታካሚው ትቀያይራቸዋለች። የዶክተሩ ስም ከጉባኤው ፕሮግራም ላይ ተነሥቶ፣ አርባ አንዱም ታካሚዎች አንድ በአንድ እንደገና እየተጠሩ ነበር። አቶ ኃይለመለኮት ገብተው የመጀመሪያውን መስመር አዩ። በእርግጥ አዩት፤ ሹካው ወደ ላይ ነበር። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጊዜ ወስደው ጨረሱ። አራተኛው ላይ ምልክቶቹ እንደ ረጠበ ቀለም ተንቀጠቀጡባቸው።

«ይገምቱ እስቲ» አለች ሲስተር ነጅማ። ልማድ ቶሎ አይለቅም።

«አልገምትም። አላየሁትም ብለሽ ጻፊ።»

«አንዷን እንኳ…»

«ጻፊ አልሁሽ!»

ጻፈች። ሲወጡ ፋዮ በጥቁር መነጽሯ ውስጥ ሆና አግዳሚው ላይ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ቦታ ለቀቀችላቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«አባባ፣ የዛሬው መልስ ምንድን ነው?»

«እኔ አራተኛው መስመር ላይ ወድቄያለሁ» አሏት። «አንቺም ግቢና የራስሽን ውደቂ።»